መኮንን አሠልጥኖ ዘበኛ ማድረግ ይብቃ!

የምረቃ ሰሞን ሲመጣ ቴሌቪዥናችን በሰልፍ ይደምቃል። ዕጩ መኮንኖች ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ማዕረጋቸውን ሲቀበሉ እናጨበጭባለን፤ ወላጆች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ደግ ነው። ጥያቄው ከጭብጨባው በኋላ ነው፦ ይህ ወጣት ከ15 ዓመት በኋላ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ በእጁ ምን ይቀረዋል?

ልዩነቱን ልብ በሉ። የመከላከያ ሐኪም ከሠራዊቱ ቢወጣ ያው ሐኪም ነው። ኢንጂነሩም ኢንጂነር ነው፤ ዲግሪው የትም መሥሪያ ቤት ይነበባል። አብራሪም ቢሆን የበረረው ሰዓት ተመዝግቦለታል። እግረኛውስ? መድፈኛውስ? ታንከኛውስ? አንድ ሻምበል ከመቶ ያላነሰ ሰው መርቷል። ስንቅ፣ ነዳጅና ተሽከርካሪ አስተዳድሯል። አቅዷል፣ ሪፖርት ጽፏል፣ አሠልጥኗል። ይህን ሁሉ ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚያነበው ግን «በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪና አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ነው። ልምዱ አለው። አግባብ አለው የለውም የሚለውን የሚወስነው ግን ካምፕ በሩን አልፎ የማያውቅ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነው። በመጨረሻ ቶሎ የሚከፈትለት በር የጥበቃ ድርጅት በር ነው። ጥበቃ ክቡር ሥራ ነው፤ አገር ግን ለእሱ ብላ የጦር አካዳሚ አትከፍትም።

ከዚህ የተሻለ እንደሚቻል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ላይ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከዚያ ከተመረቁት አንዱ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። አየር ኃይል ገቡ፤ ስለ አየር ትራፊክ ባሕር ማዶ ተሻግረው ተማሩ፤ የሲቪል አቪዬሽን ኃላፊ ሆኑ፤ ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት። «መቶ አለቃ» የሚለው ማዕረግ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከስማቸው አልተለየም። ወደ ሲቪሉ ዓለም ያሻገራቸው ግን ማዕረጉ ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ የተጨመረው ትምህርት ነው።

ሌላውንም ታሪክ እናውቀዋለን። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ትጥቁን ፈትቶ ወጣ። ከገጠር የመጣው ወታደር ቢያንስ የሚመለስበት ቀዬ ነበረው። ዕድሜውን በካምፕ የጨረሰው መኮንን ግን የሚመለስበት እርሻም፣ የሚቀጠርበት ወረቀትም አልነበረውም። በዚያ ዘመን የሠራዊቱን ካፖርት ለብሰው ጎዳና ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎችን ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ሌሎች ምን ያደርጋሉ? ሩቅ ሳንሄድ በመምህሮቻችን እንጀምር። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም ያሠለጠኑት የሕንድ መኮንኖች ናቸው። ሕንድ ለራሷ ልጆች ያደረገችውን እንይ። ኻዳክዋስላ በሚገኘው ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚዋ ሦስት ዓመት የተማረ ዕጩ መኮንን ከጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጠዋል። ሠራዊቱን ሲለቅ ደግሞ በመከላከያ ሚኒስቴሯ ሥር ያለ መልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት በታወቁ የማኔጅመንት ተቋማት ኮርስ ያስገባዋል። የአሜሪካው ዌስት ፖይንትም ዲግሪ ይሰጣል። የብሪታንያው ሳንድኸርስት ሥልጠና 44 ሳምንት ብቻ ቢሆንም አብዛኛው ዕጩ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ነው የሚገባው። መንገዱ ይለያያል፤ መኮንኑ ግን በሁሉም ዘንድ ሁለት ቋንቋ ይዞ ይወጣል፦ የጦሩንና የሲቪሉን።

«ዲግሪ ከሰጠነው ጥሎን ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱ ውል ነው። የዌስት ፖይንት ተመራቂ ቢያንስ 5 ዓመት በመደበኛ አገልግሎት፣ 3 ዓመት ደግሞ በተጠባባቂነት የማገልገል ግዴታ አለበት። እኛም የአገልግሎቱን ዘመን በግልጽ እንጻፍ፤ እሱም ይፈጽም። መሄጃ አሳጥቶ ማቆየት ግን ታማኝነትን አያመጣም።

«ወታደር ስለ ነገው ሳይሆን ስለ ግዳጁ ያስብ» የሚሉም አሉ። እንዲያውም ነገው የጨለመበት መኮንን ነው ሐሳቡ የሚከፋፈለው። መውጫ የሌለው ሰው ወይ ወንበሩን የሙጥኝ ይላል፣ ወይ ሥልጣን ላይ ሳለ ለነገ በማይገባ መንገድ «ይቆጥባል»፣ ወይ ደግሞ የከፈለውን ሁሉ ይከተላል። ጦር መምራት የሚያውቅ ሰውን ሥራ ፈት አድርጎ ማስቀመጥ ለአገር ደኅንነት አደጋ ነው። ይህን በዚህች አገር ማስረዳት ያስፈልጋል?

እንግዲህ የሚጠየቀው ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ አካዳሚ የሚሰጠው እያንዳንዱ ኮርስ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ይኑረው። ታሪክ፣ ሒሳብ፣ አመራር፣ የስንቅና ትጥቅ አስተዳደር፣ ሁሉም ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተናቦ ይመዝገብ። መኮንኑ በወጣ ጊዜ ከዜሮ አይጀምር።

ሁለተኛ፣ የግዴታ ዘመኑን የጨረሰ መኮንን በርቀትም ሆነ በማታ የመማር መብቱ በመመሪያ ይጻፍ። የአንድ አዛዥ መልካም ፈቃድ ጉዳይ አይሁን።

ሦስተኛ፣ የሲቪል ሰርቪሱ የሥራ መደቦች የውትድርና አመራርን የሥራ ልምድ አድርገው ይቁጠሩ። የሻለቃ ስንቅ ያስተዳደረ ሰው መጋዘን ማስተዳደር ያቅተዋል?

አራተኛ፣ ዝግጅቱ ከመሰናበቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ይጀመር። የስንብት ደብዳቤ እጁ ላይ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ሥልጠና ማጽናኛ ነው።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሸክም ተሸክሟል። ጦርነት አልቆ፣ ገንዘብ ተለምኖ፣ ለጋሽ ተጠብቆ ሰውን መልሶ ማቋቋም ምን ያህል እንደሚከብድ እያየን ነው። መኮንኑን ግን ገና ዕጩ ሳለ ማዘጋጀት እንችላለን። ወጪው አነስተኛ ነው፤ መምህሩም ክፍሉም ተማሪውም አሉ።

በሚቀጥለው የምረቃ ሰልፍ ላይ ስናጨበጭብ ይህንንም እንጠይቅ፦ ማዕረጉን ሰጣችሁት፣ ወረቀቱስ?

ለሚመለከተው እንዲደርስ አጋሩት።