ዓሊ አል ሐብሲና «ዕድል» የሚባለው ነገር

በሲብ የሚኖር ያገራችን ሰው የዓሊ አል ሐብሲን ታሪክ አንድ ጊዜ ሳይሰማ አይቀርም። ሲወራ እንዲህ ነው፤ አንድ ወጣት በሲብ አውሮፕላን ማረፊያ (ዛሬ የመስቀጥ አውሮፕላን ማረፊያ በሚባለው) የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ እንግሊዛዊ አየው፤ እንግሊዝ አገር ገባ፤ አለቀ። «ዕድል ያለው የትም ይገኛል» ይባላል። እኛ ይህን አነጋገር አንቀበልም። የማንቀበለውም የኳስ ክርክር አምሮን ሳይሆን በዚሁ «ዕድል» በሚባለው ነገር ስም የእኅቶቻችን ደመወዝ እየተበላ ስለ ሆነ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። አየው የተባለው ጆን በሪጅ መንገደኛ አልነበረም። የቀድሞ በረኛና የኦማን ብሔራዊ ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ ነበር፤ ያየውም ማየት ሥራው ስለ ሆነ ነው። ወጣቱም ቢሆን የወር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ እንጂ ቤተ ሰቡ ተበድሮ የላከው ልጅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሄደው ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ሊን ቡድን ነው። ቦልተን የገባው በጥር 2006 ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ለውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የአገሩ ብሔራዊ ቡድን በዓለም ደረጃ የት እንዳለ፣ እሱም ለአገሩ ስንት ጊዜ እንደ ተሰለፈ ቆጥሮ ነበር። ማለትም ወጣቱ ብቻውን አይመዘንም፤ አገሩም አብራው ሚዛን ላይ ትወጣለች። ከገባም በኋላ አራት ዓመት ያህል ከያስኬላይነን ጀርባ በተጠባባቂነት ተቀምጧል። በየሳምንቱ መሰለፍ የጀመረው በ2010 ዊጋን ከሄደ ወዲህ ነው። ይህን የተጠባባቂ ወንበር የሚያወራልን የለም።

በእኛም ቤት ሐቁ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጌታነህ ከበደ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ የተሻገረው በ2013 ነው፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በደረሰችበት በዚያው ዓመት። ብሔራዊ ቡድኑ ሲታይ ተጫዋቹም ታየ። (የአየርላንድ የራግቢ ልጅ እንኳ ከትምህርት ቤት ቡድን ወደ ክፍለ ሀገሩ አካዳሚ፣ ከዚያም ወደ ዋናው ቡድን የሚያልፈው በተጠረገ መንገድ ነው። ለሙከራ ብሎ በሬ የሚሸጥለት አባት አያስፈልገውም።)

ታዲያ ደላላው ምን ይላል? «ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ ገንዘቡን ላኪና ውጭ አገር ክለብ አስገባዋለሁ» ይላል። የሚላክለትም በሰው ቤት ስትደክም የምትውል እኅት ያጠራቀመችው ሪያል ነው። ፊፋ ግን ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወሩን፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ይከለክላል። ከነዚያም አንዱ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያው አገር ሲዛወሩ ነው። በደላላ የሚገዛ ፈቃድ በመካከላቸው የለም። ስለዚህ ዕድሜው 16 ነው ብሎ የጀመረ ሰው ውሸቱን በራሱ አፍ ጀምሯል ማለት ነው።

ይህን ስንል ልጁ ኳሱን ይተው ማለታችን አይደለም። በአገሩ ክለብ ይጫወት፤ ትምህርቱን ወይም ሙያውን ይያዝ፤ ፈላጊ ክለብ ካለም ለክለቡና ለፌዴሬሽኑ ይጻፍ፤ የጉዞውንም ወጪ ፈላጊው ይቻል። እኅቲቱም ገንዘቡን ከመላኳ በፊት ወረቀቱን ታሳይ። በእንግሊዝኛም ሆነ በዓረብኛ የተጻፈ ውል ወይም የጥሪ ደብዳቤ የደረሳት ካለች አርብ ከሰዓት በኋላ ይዛ ትምጣ፤ ከማኅበራችን አባላት ሁለቱ ቁጭ ብለው ቃል በቃል ያነቡላታል፤ በስሙ የተጠቀሰውም ክለብ ጽፎት እንደ ሆነ ደውለው ይጠይቁላታል። ክፍያ የለውም።