«ሰነፍ ነው እንዴ ሶሻል የሚገባው?»

ረጅም ነው፤ ቡና አፍሉና አንብቡት። ሦስት ቀን ይዤው ቆይቼ ነው የለጠፍኩት፣ ስለዚህ ቢያንስ ስድቡ ወጥቶለታል።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ትምህርት ቤት መጥተው አስጠሩኝ። ልጃቸው አስረኛን ጨርሶ ወደ አስራ አንደኛ የሚያልፍ ነው። «መምህር፣ እባክዎ ይምከሩልኝ፤ ሶሻል ነው የምገባው ብሎ አባቱን አስኮረፈ» አሉኝ። ልጁን አውቀዋለሁ። በእኔ ትምህርት፣ በባዮሎጂ፣ ከክፍሉ አንደኛ ነው። እናትየው እኔን የመረጡትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የባዮሎጂ መምህር አይደል፣ ወደ ራሱ ይጎትተዋል ብለው። ከዚያ ስልክ ደውለው አባትየውን አገናኙኝ። ሰውየው ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ «መምህር፣ ሰነፍ ነው እንዴ ሶሻል የሚገባው?» አሉኝ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! በስታፍ ክፍል፣ በታክሲ፣ በለቅሶ ቤት። ናቹራል ጎበዝ፣ ሶሻል ሰነፍ። ናቹራል ምርምር፣ ሶሻል ወሬ። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ ባለፈው «ስለ ሰፈር ስም ማስተርስ ይሠራሉ እኮ፣ ጉድ ነው!» ብሎ ሻዩን እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውዬ ራሱ የሚኖርበት ሰፈር ለምን ጉለሌ እንደተባለ አያውቅም። ጉለሌ እዚህ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ወረድ ስትሉ ፓስተር አለ፤ የፈረንሳዩ ሊቅ ስም ነው፣ በዚያ ከነበረው ኢንስቲትዩት የቀረ። ወደ ላይ ስትሉ አዲሱ ገበያ፤ ዛሬም «አዲሱ» ነው። በእግር በምትጨርሱት መንገድ ላይ ጎሳ፣ ላብራቶሪና ገበያ ስም ሆነው ተደርድረዋል። ይሄን ማጥናት የሚያስቅ ነገሩ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ግን የራሴን ኃጢአት ልናገር። አስተማሪነት የጀመርኩ ሰሞን፣ በ2008 ዓ.ም፣ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ግዕዝ ከአያቷ የተማረች፣ ታሪክ ስትናገር ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ ልጅ። ሶሻል ልገባ ነው ስትለኝ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ለምን ራስሽን ትጥያለሽ?» አልኳት። ሰማችኝ። ናቹራል ገባች፣ ውጤት መጣላት፣ ምህንድስና ደረሳት፣ ተመረቀች። ከሁለት ዓመት በፊት አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ሞባይል የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራለች። «ቲቸር፣ ኮንክሪት ላይ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም፣ ግዕዙንም ረሳሁት» ብላ ሳቀች። የታክሲ ሂሳቧን ልክፈል ብል እምቢ አለችኝ።

የተናገርኩት ከራሴ አልነበረም፣ ይሄን ለሰበብ አይደለም የምለው። በ2001 ዓ.ም አካባቢ የመጣውን 70/30 ታስታውሳላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባ መቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና የሰው ልጅ ጥናት። ሀገሪቱ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ያስፈልጋት ነበር፤ አሁንም ያስፈልጋታል፤ አልክድም። ችግሩ ቁጥሩ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ወርዶ ሳሎናችን ገባ። ሰባው የእውቀት ሚዛን፣ ሠላሳው የተራፊ ማጠራቀሚያ ሆኖ ተተረጎመ። እኔ ያንን ትርጉም ተሸክሜ ነው የዚያችን ልጅ መንገድ ያጠፋሁት።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ። ሰፈራችን ካሉት ነገሮች አንዱን ብቻ ልውሰድ፤ ባሕር ዛፍ።

ጠዋት ማልዶ የወጣ ሰው ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል አዝለው፣ ጀርባቸው ጎብጦ የሚወርዱትን እናቶች ያያል። ለምደነው ዞር ብለን አናይም እንጂ በዚያ ሸክም ውስጥ ስንት የምርምር ዓይነት አለ! ባዮሎጂው የእኔ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፈጥኖ ያድጋል። ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ደግሞ የአፈርና የውሃ ባለሙያው ይጠየቅ። ግን ዛፉ እዚህ ለምን መጣ? እሱን ማይክሮስኮፕ አይነግረኝም። ታሪክ አጥኚው ነው የሚነግረኝ፦ አዲስ አበባ ገና ከመቆርቆሯ ማገዶ አልቆባት ነበር። ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ነበር። በዚያው ዘመን ይሄ ዛፍ መጣ፣ ተስፋፋ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። እኔና እናንተ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን የምንከራከረው አንዱ ምክንያት ይሄ ዛፍ ነው ማለት ነው። ስሙንም እዩት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የቋንቋ ሰው እዚያች ሁለት ቃል ላይ የዛፉን መታወቂያ ያነባል።

ሴትየዋስ? ለምን እሷ ተሸከመች፣ ባሏ ወይም ወንድሟ ለምን አልተሸከመም? ስንት ትሸጠዋለች? በመንገድ ላይ ማን ይቀማታል? ጭራሮው የሚገባው የማን ምድጃ ውስጥ ነው? ይሄ ሶሻል ነው። እዚሁ ከበላያችን ያለውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ታውቁታላችሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው። ባሕር ዛፉን እየቀነሱ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን ይመልሳሉ። ተማሪ ይዤ ስሄድ ደስ ይለኛል፣ ግሩም ሥራ ነው። ግን በየትኛውም ተራራ ላይ ዛፉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሴትየዋን ካላወቀ፣ ጥበቃ ቀጥሮ ያባርራታል። እሷም በሌሊት ትመለሳለች። ልጆቿ እራት ይፈልጋሉ፣ ሌላ መልስ የላትም።

«ይሄ የአንድ ሰፈር ወሬ ነው» ለምትሉኝ ወሎ እንሂድ። ወሎ ውስጥ ገበሬው «ወተት በጉንጬ» የሚለው ማሽላ አለ። ስሙን ስትሰሙ ግጥም ይመስላል። እ.ኤ.አ በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የዓለምን የማሽላ ዘር ሲመረምሩ ላይሲን የሚባለው፣ በእህል ውስጥ የሚያንሰው የፕሮቲን ክፍል፣ የበዛባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ። ከየት? ከኢትዮጵያ። ገበሬው ላይሲን የሚል ቃል አያውቅም፤ ልጁ ሲበላው የሚወፍርበትን እህል ግን ያውቃል፣ ስምም አውጥቶለታል። ስሙን የሚመዘግብ የቋንቋ ወይም የባህል አጥኚ ቢኖርና የኬሚስትሪው ሰው ቢያነበው ኖሮ፣ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ስሙ ራሱ ይጠቁም ነበር። እዚያው ፐርዱ ነው በኋላ ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት።

ዶክተር አክሊሉ ለማንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ በ1964 ዓድዋ ሄደው ምን አዩ? ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ሞተው። ቢልሃርዚያ የምናስተምርበት ምዕራፍ ላይ ቀንድ አውጣው የትሉ ማደሪያ መሆኑን ታስታውሳላችሁ፣ ያላስታወሰ ኤፍ ነው። ላብራቶሪው በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው የሴቶቹን ሥራ ቆሞ ማየት ነው፤ የትኛው ፍሬ፣ እንዴት ተፈጭቶ፣ የት ቦታ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። በዚያው ዓመት ሌላም ኢትዮጵያዊ ሸለሙት፣ መላኩ ወረደን፣ የዘር ባንኩን ሰው። እሳቸውም ዘሩን በማቀዝቀዣ ብቻ አላስቀመጡም፤ ከገበሬው ጋር፣ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲቆይ ነው የሠሩት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ረሃብ ነው። ክፉ ቀንን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለውን፣ ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። ከብቱን የጨረሰው ደስታ በሽታ ነው፤ ጣልያን በምጽዋ ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። የእንስሳት ሐኪሞች ያንን በሽታ ተከታትለው ተከታትለው እ.ኤ.አ በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። የሳይንስ ድል ነው፣ ኮፍያዬን አነሳለሁ። በሽታው ጠፋ፤ ረሃብ ግን ጠፋ? መስፍን ወልደ ማርያም፣ የጂኦግራፊ ሰው፣ የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ የሚያጋልጠው ምን እንደሆነ ዓመታት ወስደው አጠኑ። ዝናብ ማጣት ብቻውን ረሃብ አይደለም፤ በመካከሉ ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረው ሥርዓት አለ አሉ። ዝናቡን የሚለካ መሣሪያ ያንን ሥርዓት አይለካውም። እዚህ ላይ ነው «ሶሻል ወሬ ነው» የሚል ሰው እህል ሳይሆን ድንጋይ የሚያቀብለን።

ስለ ጌታቸው ኃይሌም ብዙ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ረዘመብኝ። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ ሆነው፣ ስደት ላይ፣ በማይክሮፊልም የተነሱ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ በ1988 ማክአርተር የተባለውን ትልቅ ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ግዕዝ። ያቺ ልጅ የረሳችው ግዕዝ።

አሁን ደግሞ የሶሻል ሰዎች አትሳቁ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ። ይሄን ንቀት በከፊል ራሳችሁ ናችሁ ያመጣችሁት። ርዕሱ ሁሉ «ተግዳሮቶችና ዕድሎች በእንትን ወረዳ»። ወረዳው ይለወጣል፣ ቀሪው ያው ነው። መጠይቅ ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ በመቶኛ ይሰላል፣ በእንግሊዝኛ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። የተጠየቀው ሰው ምን እንደተባለለት እስኪሞት አያውቅም። ግቢ በር ላይ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስልክ ቁጥር አለው፤ ምን ዓይነት «ማማከር» እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የናቹራሉም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ እዚያም ሰንጠረዥ ሲዋስ አይቻለሁ። ግን ሌባ አናጢ አለ ብለን ቤት መሥራት አይቅር አንልም አይደል?

«አንተ ማን ነህ ስለ ምርምር የምታወራው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ እንዲያውም ማን እንደሚሆን አውቃለሁ። ትክክል ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ምርምር ሠርቼ አላውቅም። ግን ተመራማሪ የሚሆኑት ልጆች መጀመሪያ የሚያልፉት በእኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። አስራ አንደኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ አንተ በዚህ አንቺ በዚያ ከምንለው ሰዎች አንዱ ነኝ። በሩን ስለማውቀው ነው የምናገረው።

ሥራስ? አባትየው የመጨረሻ ጥይታቸው ይቺ ነበረች። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ አልተከራከርኳቸውም። ሶሻል ከገባ ሥራ ያገኛል ብዬ ቃል መግባት አልችልም። «ናቹራል ከገባስ እርስዎ ቃል ይገቡልኛል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ የታክሲ ረዳት ሆኖ የሚሠራ የእህታቸው ልጅ እንዳለ፣ በኤሌክትሪካል እንደተመረቀ ነገሩኝ። ድምፃቸው ለስለስ አለ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የፈሩ አባት ናቸው። እኔም ልጅ አለኝ፣ ይገባኛል።

ልጁን ረቡዕ ለብቻው አነጋገርኩት። ለምን ሶሻል አልኩት። «ቲቸር፣ አያቴ የድሮውን የሰፈር ሰው ሁሉ ታውቃለች፤ ስትሞት ማን ይነግረኛል?» አለኝ። ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ አሳየኝ። ጎረቤት ሽማግሌዎችን እየዞረ ጠይቋል። የቱ ቤት መቼ ተሠራ፣ ወንዙ በየት በየት ይሄድ ነበር፣ ገበያው የት የት ይዘረጋ ነበር። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር የነገሩትን በቀይ እስክርቢቶ አስምሮ «እንደገና ይጠየቅ» ብሎ ጽፎበታል። ማንም አላስተማረውም። እኔ ለላብ ሪፖርት ስንት ዓመት ስለምን የኖርኩትን ነገር ልጁ በታሪክ ደብተር ላይ ሠርቶታል። አስራ ስድስት ዓመቱ ነው!

ቅጹ የሚሞላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አባትየው ቅዳሜ ከሰዓት ሊያገኙኝ ተስማምተዋል፣ አዲሱ ገበያ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ያለችው ቡና ቤት። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ጂኦግራፊ፣ ሶሲዮሎጂ ተምራችሁ በሙያችሁ እየኖራችሁ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ሁለታችሁ ብትመጡልኝ። ስለ ደመወዛችሁ እንዳትዋሹ፣ ሰውየው ይነቃሉ። ቡናው በእኔ ነው። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።