ስለ ሐኪም ቤት መዝገብና ሒሳብ

የአነስተኛ ሐኪም ቤት ባለቤቶች የበሽተኛውን መዝገብና ሒሳቡን በኮምፒዩተር ለመያዝ ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሒሳቡ ነው። ሒሳብ ቢሳሳት በማግሥቱ ይታረማል፤ በሞክሼው መዝገብ ታክሞ የማይስማማውን ፔኒሲሊን የተወጋ በሽተኛ ግን ለማግሥቱ ላይደርስ ይችላል።

ከውጭ አገር የሚመጣው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ አገር ሰው ግን የሚታወቀው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ዓመቱንም በ12 ወር ብቻ የሚቈጥር ከሆነ፥ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደውን ሕፃን በየትኛው ወር ይጽፈዋል? ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲህ ያለውን ሕፃን በሻጩ ፊት አስመዝግቦ ይመልከት።

ደግሞም ውሉ በፈረሰ ጊዜ መዝገቡ በሙሉ፥ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል አኳኋን እንዲመለስለት በጽሑፍ ያስፈርም። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕን ኤም አር ኤስ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የሚተክለውና የሚጠብቀው ባለሙያ ግን ደመወዝ ይፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃን መጠበቅ ግዴታ አድርጓል። የጤና መሥሪያ ቤት ሹማምንትም ሐኪም ቤቱን ሲመረምሩ፥ አልጋውንና መድኃኒቱን እንደሚያዩ ሁሉ ይህንንም ውል አስቀርበው ቢያዩ መልካም ነው።