የገቢ ግብርን በሽያጭ ግብር መተካት ለደጋው ንግድ ይበጃልን?

የገቢ ግብር ቀርቶ በምትኩ ሽያጭ ይገበር የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉን የገቢ ግብር በአንድ አገር አቀፍ የችርቻሮ ሽያጭ ግብር ለመተካት የተዘጋጀ ረቂቅ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደጋጋሚ ለምክር ቤት ቢቀርብም ሕግ ለመሆን አልበቃም። በእኛ አገር በዚህ ስም የሚጠራ ክርክር እምብዛም አይሰማም፤ ለውጡ ግን በሌላ በር ገብቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ለብዙ ነጋዴዎች የግብሩን መሠረት ከትርፍ ወደ ሽያጭ አሸጋግሯል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሽግግሩ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የእህል ንግድ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መመርመር ነው። የጸሐፊው አቋም ይህ ነው፦ ሽያጭን መሠረት ማድረግ የሰብሳቢውን ሥራ ቢያቀልም፣ ትርፉ ስስ በሆነ ንግድ ላይ ሲያርፍ ሸክሙ ከነጋዴው ትርፍ አልፎ ገበሬው ከሚያገኘው ዋጋ ላይ ይወድቃል።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዮች በሦስት ደረጃ ተመድበው ነበር። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። ማሻሻያው ሦስቱን ወደ ሁለት አጥፎ ድንበሩን 2,000,000 ብር ላይ አቁሟል። ከድንበሩ በታች ያለው ነጋዴ የሚገብረው በዓመታዊ ሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ የግብር ወለል ተበጅቷል፤ በትርፍ የተሰላው ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ የሚከፈለው ይኸው 2.5 በመቶ ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በግለሰብ ነጋዴዎች ላይ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ሆኖም የክልሎች የገቢ ግብር ሕጎች የፌዴራሉን አርአያ ሲከተሉ የኖሩ በመሆናቸው፣ በአዲስ አበባ የተወሰነው መርሕ በደብረ ታቦር ገበያም መታየቱ አይቀርም።

የለውጡ ደጋፊዎች መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ወጪን በማጋነን ትርፍን መሸሸግ ይቻላል፤ ሽያጭን መሸሸግ ግን ከዚያ ይከብዳል። ቤስትና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፓኪስታን ኩባንያዎች ጥናት፣ የግብሩ መሠረት ከትርፍ ወደ ሽያጭ ሲዞር ከግብር የሚሸሸገው ገቢ እስከ 60 እና 70 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። ሁለተኛው መከራከሪያ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ደመወዝተኛው ግብሩ የሚቆረጠው ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ነው። በአዲሱ እርከን በወር 11,500 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 2,100 ብር ይገብራል፤ በቀድሞው እርከን 2,525 ብር ይገብር ነበር። መምህሩ ወር በገባ ቁጥር ይህን ያህል እየከፈለ፣ ጎረቤቱ ባለ ሱቅ «አላተረፍሁም» ብሎ ሲያልፍ ማየቱ ቅር ያሰኘዋል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ይጋራዋል።

ነገር ግን ፓኪስታን ውስጥ የተጠኑት መዝገብ ያላቸው ኩባንያዎች ናቸው። ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከፋርታና ከላይ ጋይንት ቀበሌዎች ገብስና ስንዴ እየገዛ ወደ ከተማ የሚያወጣው ነጋዴ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ለስሌት እንዲያመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ አኃዞቹ ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ ከገበያ የተሰበሰቡ አይደሉም። አንድ ነጋዴ በዓመት 300 ኩንታል እህል በ10,000 ብር ሒሳብ ይሸጣል እንበል። ከመግዣ፣ ከጭነትና ከመጋዘን ወጪ በኋላ በኩንታል 200 ብር ቢተርፈው፣ ሽያጩ 3,000,000 ብር፣ ትርፉ 60,000 ብር ይሆናል። በአዲሱ የትርፍ እርከን ግብሩ 6,000 ብር ነው። የ2.5 በመቶው ወለል ሲያርፍበት ግን 75,000 ብር ይደርሳል። በኩንታል ሲታሰብ ትርፉ 200 ብር፣ ግብሩ 250 ብር ማለት ነው። በአንጻሩ ከሚያስገባው ገንዘብ አብዛኛው የድካሙ ዋጋ የሆነለት ልብስ ሰፊ ወይም ፀጉር አስተካካይ፣ ይኸው መጣኔ ቢጣልበት ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ የሆነ የሽያጭ መጣኔ እኩል ቢመስልም፣ የሚለካው ሰው ምን ያህል እንዳተረፈ ሳይሆን ገንዘብ በእጁ ምን ያህል እንደተመላለሰ ነው።

እንዲህ ያለው ነጋዴ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ንግዱን መተው፣ ሁለተኛው ሽያጩን መደበቅ፣ ሦስተኛው ግብሩን በዋጋ ላይ አስልቶ ወደ ሌላ ማስተላለፍ ነው። የመሸጫውን ዋጋ የሚወስነው የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ገበያ በመሆኑ፣ እርሱ ሊጫነው የሚችለው የመግዣውን ዋጋ ነው። ያም ማለት ከአህያ ጭነቱን አውርዶ ዋጋ የሚጠብቀው ገበሬ በኩንታሉ ላይ ጥቂት መቶ ብር ያጣል ማለት ነው። እህሉ በብዙ እጅ በተላለፈ ቁጥር በየእጁ ሽያጭ ላይ የሚጣለው ግብር ይደራረባል። በትርፍ ላይ የሚጣለው ግብር ይህ ባሕርይ የለውም። ከዚህም በላይ የትርፍ ግብር ኪሳራን ያውቃል፤ የሽያጭ ግብር አያውቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ድንች በመጋዘን የበሰበሰበት ሰው፣ የተረፈውን በርካሽ ቢሸጥም ሽያጭ ሽያጭ ነውና ይገብርበታል።

ለውጡ የመገመትን ችግር ያስቀራል መባሉም አያሳምንም። ደረሰኝ በማይቆረጥበት የገበያ ቀን ሽያጩን ማን ያውቀዋል? ያው ገማች ኮሚቴ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ለደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የወጣው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት ያደረሰ ቅሬታ ማስነሣቱ ይታወሳል። ያን ጊዜ ያስቆጣው የግብሩ መጣኔ ሳይሆን የተገመተው የዕለት ሽያጭ ነበር። አሁን ደግሞ ያው ሽያጭ ራሱ የግብሩ ዋና መሠረት ሆኗል።

የግብር መሠረትን መለወጥ ለዚህ አካባቢ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታሪክም ይመሰክራል። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲመድብ፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ትግራይን ከምደባው ውጭ አድርጎ ቀድሞ በሚከፍሉት ግብር እንዲቀጥሉ ፈቅዶ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር የጣለው አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ በገቢ ግብር ሲተካ፣ ከአባይ ማዶ ጎጃም ውስጥ ዓመፅ ተነሣ። በወረቀት ሲታይ አዲሱ ግብር ከአሥራት ይልቅ ፍትሐዊ ነበር፤ የሚከፈለው በገቢ መጠን ነውና። ገበሬው ግን ገማቹን አላመነም፤ ግምቱ መሬት ለመለካትና ርስት ለመንካት መንደርደሪያ መሆኑን ጠረጠረ። በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ምሮ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ አንሥቶ ነገሩን አበረደ። ዛሬም ቢሆን የክልሉ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በስሙ የገቢ ሆኖ በተግባር የሚታሰበው በይዞታ ስፋት ነው። ስፋቱ ገቢን በትክክል ባያሳይም አንድ ጥቅም አለው፤ ገበሬውም ቀበሌውም የሚያውቁት፣ በይዞታ ደብተር ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። የነጋዴው ሽያጭ እንዲህ ያለ የጋራ ቁጥር የለውም።

ከዚህ በመነሣት ጸሐፊው አራት ሐሳቦችን ያቀርባል። አንደኛ፣ በቀላል የገቢና ወጪ መዝገብ ትርፉን ማሳየት የሚችል አነስተኛ ነጋዴ በትርፉ እንዲገብር የሚያስችለው ምርጫ በተግባር ሊኖረው ይገባል፤ መዝገቡም የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር የማይጠይቅ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በሽያጭ መገበር ግድ በሚሆንበት ጊዜ መጣኔው የንግዱን ዓይነት ይከተል፤ የቀድሞው የቁርጥ ግብር ሰንጠረዥ በንግድ ዘርፍ ይለይ ስለነበር ሐሳቡ ለአስተዳደሩ እንግዳ አይደለም። በተለይ እህልና የቁም ከብት ከ2.5 በመቶው ወለል ነጻ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ የግምቱ ማስረጃና ስሌት ክፍያው ከሚጀመርበት ከሐምሌ በፊት በቀበሌ ይለጠፍ፤ ነጋዴው የራሱን ከአቻው ጋር አነጻጽሮ እንዲከራከር ጊዜ ይኑረው። አራተኛ፣ ድንበሮቹ ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው ይስተካከሉ። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ በ2008 ዓ.ም. ከተወሰነበት 600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ለማለት ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። የ2,000,000 ብሩ ድንበርም እንዲሁ ከቆየ፣ ኩንታል በተወደደ ቁጥር ትርፉ ያላደገ ነጋዴ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገፋል።

እነዚህ ሐሳቦች የመንግሥትን ገቢ ይቀንሳሉ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለአጭር ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኩንታል 200 ብር የሚያተርፈውን ሰው 250 ብር የሚጠይቅ ግብር ለሁለተኛ ዓመት አያገኘውም፤ ወይ ንግዱን ይተዋል፣ ወይ ከመዝገብ ይወጣል። በአካባቢያችን ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ፣ አንድ ኩንታል ገብስ ከጉና ሥር ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየእጁ ምን ያህል ትርፍና ምን ያህል ግብር እንደሚያርፍበት ቢከታተሉ ለክርክሩ የጎደለውን መረጃ ያስገኛሉ። ያ መረጃ እስኪገኝ ድረስ፣ ለመሰብሰብ የቀለለ ግብር ሁሉ ለመክፈልም የቀለለ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።