ሳይክል መንዳትም መቀመጥ ነው

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እንዴት ሆናችሁ ነው? አብዛኞቻችሁ ስልካችሁን ደረታችሁ አካባቢ ይዛችሁ፣ ጀርባችሁን ጎበጥ፣ አንገታችሁን ደፋ አድርጋችሁ እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ቀን ቢሮ ወይም ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማታ ደግሞ አልጋ ላይ፣ ሰውነታችን ውሎ የሚያድረው በዚሁ ቅርጽ ነው።

አሁን ደግሞ እሁድ ማለዳ ሳይክሉን አውጥቶ ወደ ሰንዳፋ የሚነዳውን ወጣት አስቡት። ጀርባው ጎብጧል፣ ትከሻው ወደ ፊት ተሰብስቧል፣ ዳሌው ታጥፏል። ልዩነቱ አንገቱ ላይ ነው፤ ስልክ ሲያይ ደፍቶት የከረመውን አንገት አሁን መንገዱን ለማየት ወደ ላይ ቀና አድርጎታል። ልቡና ሳንባው እየሠሩ ነው፣ እግሩም እንዲሁ። የተቀረው አካሉ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከኖረበት ቅርጽ አልወጣም።

የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው፦ ሳይክል መንዳትም መቀመጥ ነው። ላብ ያለበት፣ ነፋስ ያለበት፣ ደስ የሚል መቀመጥ፤ ግን መቀመጥ። ስለዚህ ረጅም ርቀት ለመንዳት የሚለማመድ ሰው ኪሎ ሜትር ከመጨመሩ በፊት፣ ከኮርቻው ወርዶ ሰውነቱን የሚዘረጋበት ቋሚ ሰዓት ያስፈልገዋል። እኔ ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ የዮጋ ክፍልን ያህል የጠቀመኝ የለም። «ዮጋ? የቅንጦት ነገር?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታገሡኝ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 80 ጊዜ ያዞራል እንበል። በሰዓት 4,800 ይሆናል። ከአዲስ አበባ አዳማ በአሮጌው መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ወደ ታች ስለሆነ አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ እያንዳንዱ እግር ከ19 ሺህ ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዙሮች ውስጥ ዳሌ አንድም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። አንድን በር 19 ሺህ ጊዜ እየገፋችሁ አንዴም እስከ መጨረሻው ካልከፈታችሁት ማጠፊያው ምን እንደሚሆን ገምቱ። መመለሱ ደግሞ አለ፤ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከረጅም መንገድ የሚመለሱ ጀማሪዎች «ሳንባዬ እምቢ አለኝ» ሲሉ ብዙም አልሰማሁም። የምሰማው «ወገቤን»፣ «አንገቴን»፣ «እጄ ደነዘዘ» ነው። የእጁ ምክንያት የታወቀ ነው፤ በመዳፍ ሥር በኩል የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። የሰውነቱን ክብደት በሆዱና በጀርባው ጡንቻ መሸከም ሲያቅተው እጁ ላይ የሚጥል ሰው ቶሎ ያገኘዋል። እግሩ ገና ጉልበት እያለው ሌላው አካሉ እጅ ይሰጣል። ሳይክላቸውን ሸጠው የተዉት ጓደኞቼ ሁሉ የተዉት እዚህ ጋ ደርሰው ነው። እግር አላነሳቸውም፤ ወገብ ነው ያነሳቸው።

ሳይክል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ 21 ዙር፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ። ግን እንዲህ ካለ ብስክሌተኛ ጀርባ ማን እንዳለ አስቡ። አሠልጣኝ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ማታ ማታ ጡንቻውን የሚያሽለት ባለሙያ አለ፣ ኮርቻውን በሚሊ ሜትር የሚለካለት ሰው አለ። የእኔና የእናንተ ቡድን ማነው? እኛው ነን። ዓርብ እስከ ማታ ሠርተን፣ ቅዳሜ ጎማ ነፍተን፣ እሁድ የምንወጣ። ሰውነቱን የሚያይለት ሰው የሌለው፣ ራሱ የሚያይበት ልማድ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ ስገባ 80 ኪሎ ሜትር ነድቶ የማያማርር ሰው ነበርኩ። አስተማሪዋ «ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ወደ ታች ጎንበስ በሉ» ስትል እጄ ጉልበቴ ጋ ቆመ። በቃ፣ አልወርድም አለ። አጠገቤ የነበሩት እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳርፈው በሰላም ይተነፍሳሉ። ቀና ብለው አዩኝና «አይዞህ ልጄ፣ ሳትታገለው ይመጣል» አሉኝ። እኔ ደግሞ መታገል እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ነገር ምሥጢር የለውም። አንዱን ጉልበት መሬት ላይ አድርጎ ሌላውን እግር ወደ ፊት በመርገጥ የዳሌን የፊት ጡንቻ መሳብ፤ ኮርቻ ላይ አጥሮ የሚውለው እሱ ነው። በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀስ ብሎ ከመሬት ማንሳት፤ የጎበጠውን ጀርባ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይመልሰዋል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን እንደ ድልድይ ማንሳት፤ መቀመጫን ያጠነክራል። በእጅና በእግር ቆሞ መቀመጫን ወደ ላይ መግፋት፤ ትከሻን ይከፍታል፣ ባትን ይዘረጋል። እያንዳንዱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ትንፋሽ መቆየት፣ ከዚያ መልቀቅ። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ዝም ማለት አለ። ስሙ በሳንስክሪት «ሻቫሳና» ነው፣ የሬሳ አቀማመጥ ማለት። ስሙን ሰምታችሁ «ቱ! ቱ!» ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብያለሁ። ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር። አሥር ደቂቃ ያለ ስልክ፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ቁጥር።

ከመዘርጋቱ በላይ የጠቀመኝ ትንፋሹ ነው። እንጦጦን በሳይክል የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱ ሲጠና ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ መንጋጋ ይገጥማል፣ እጅ መሪውን ያንቃል፣ ትንፋሽ ደረት ላይ ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ በዚያ ላይ እኛ ራሳችን ደረታችንን እንዘጋዋለን። ዮጋ ሳንባ አይቀይርም። የሚያስተምረው ሰውነት ሲጨነቅ ትከሻን መጣል፣ ትንፋሽን እስከ ሆድ ማውረድ፣ የማይሠራውን ጡንቻ ማሳረፍ ነው። ዳገት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእግር የሚያስፈልገውን ጉልበት በትከሻና በመንጋጋ አታባክኑትም።

አንዳንድ የዮጋ ሰዎች ግን ነገሩን ጸበል ያደርጉታል። ኮርቻው ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ ጉልበታችሁን ካሳመማችሁ የሚድነው ኮርቻው ሲስተካከል ነው፤ ዮጋ ቁልፍ አይሆንም። ሳይክሉ ለቁመታችሁ ትልቅ ከሆነና መሪው ጋ ለመድረስ የምትንጠራሩ ከሆነም እንደዚሁ፤ መጀመሪያ ሳይክሉ ይለካ። ከመንዳት በፊት አንድን ጡንቻ ለረጅም ጊዜ ስቦ መያዝም ጉልበቱን ለጊዜው ይቀንሰዋል፤ ጠዋት ቀለል ያለ ማሟሟቂያ ይበቃል፣ መዘርጋቱ ከመንዳት በኋላ ወይም በሌላ ቀን ይሁን። ድንዛዜው ካልለቀቀ ወይም ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ምንጣፉን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጥያቄም አልዘለውም። ዮጋ የተወለደው ሕንድ ውስጥ ነው፤ ሥሩም ከዚያ አገር እምነትና ፍልስፍና ጋር የተያያዘ ነው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ዛሬ በየጂሙ የምናየው፣ አካል ላይ ያተኮረው ዮጋ ደግሞ አብዛኛውን መልኩን ያገኘው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ እንደ ክሪሽናማቻርያና ተማሪው አይንጋር ባሉ መምህራን እጅ ነው። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጋ ዜማና ማሰላሰል አለ፣ ሌላው ጋ ጡንቻና ትንፋሽ ብቻ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕሊናችሁ ካልፈቀደ ደግሞ ስሙን ተዉትና እንቅስቃሴውን ያዙት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለወገብ ሕመም የሚያዙት እንቅስቃሴ ብዙው ከዚህ አይርቅም። ቤተሰባችሁን ለማስቀየም ብላችሁ የምትሄዱበት ነገር አይደለም፤ ያለ ዕውቀት የምትሸሹትም አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብር ነው። ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ያለው ክፍል የተማሪ ኪስ እንደማይችለው የታወቀ ነው። ግን ይህ ስፖርት የሚፈልገው አንድ ሰው የሚዘረጋበት ወለል ነው። ቢቻል አንድ ወር እንኳ አስተማሪ ባለበት ክፍል ተማሩ፤ የተሳሳተ አቋማችሁን ቪዲዮ አያይላችሁም። ከዚያ ቤት ውስጥ መቀጠል ትችላላችሁ። ውድ ትራስ አያስፈልግም፣ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉ። እግራችሁን የምትስቡበት ማሰሪያ ከሌለ ነጠላ ወይም ቀበቶ ይሠራል። ብቻ የሚንሸራተት ሰሌን ላይ አትሞክሩት።

ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። ዮጋ ክፍል ስገባ አብዛኛው ሴት ነው፤ እሁድ መንገድ ላይ ስወጣ አብዛኛው ወንድ ነው። ወንዱ «የሴት ስፖርት» ብሎ ወገቡን ይዞ ይዞራል፤ ሴቷ ደግሞ መኪናውንና ለከፋውን ፈርታ ሳይክል አትወጣም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ቀን መንገዱ ከመኪና ነፃ ሲሆን ስንት ሴት ልጅ ሳይክል እንደምትነዳ አሳይቶናል። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት የሳይክል መስመሮችም ትንሽ በር ከፍተዋል። ወንዶች፣ ክፍሉ ግቡ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ከሳቀም አንድ ሳምንት ነው። ሴቶች እህቶቻችን መንገድ ላይ ሲወጡ ደግሞ ለከፋውን አቁሙ፤ ይህኛው ዮጋ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ለጀማሪ የምመክረው ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከነዳችሁ አንድ ቀን ክፍል ግቡ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክፍሉ ከረጅሙ መንዳት ዋዜማ ላይ እንዳይውል አድርጉ፤ ያልለመደ ጡንቻ በማግሥቱ ያምማል። ከእያንዳንዱ መንዳት በኋላ ሻወር ከመግባታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ወለል ላይ ሁኑ። ርቀቱን ደግሞ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ዛሬ ሱሉልታ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ አዳማ የትም አይሄድም።

የሚከብደው ይህን ማድረጉ አይደለም፣ እንደ ልምምድ መቁጠሩ ነው። እኛ ያደግነው ስፖርት ማለት ላብ፣ ጀግንነት ማለት ሕመም መቻል ነው እየተባልን ነው። ማረፍ ስንፍና፣ መዘርጋት ጊዜ ማባከን ይመስለናል። ስልካችን ላይ ያሉት መተግበሪያዎችም ይህን ያባብሱታል፤ የነዳነውን ኪሎ ሜትር ለጓደኛ ያሳዩልናል፣ የላላውን ትከሻ ግን አይቆጥሩም። ማንም «ላይክ» የማያደርገው ሥራ ነው። ሆኖም በአርባ ዓመታችሁም ሳይክል ላይ የሚያቆያችሁ ይኸው ሥራ ነው።

«ዮጋ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ሥሩ ማጣመር፣ በቀንበር መጥመድ እንደ ማለት ነው። ለገበሬ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቀንበር ሁለት በሬ ይፈልጋል። እግራችሁ አንዱ በሬ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አውቃለሁ። ሌላኛውን በሬ፣ ጀርባችሁንና ትንፋሻችሁን፣ እቤት አስራችሁ ብቻውን አታውጡት።