የዘፈን ውድድርና የሾኔ ወጣት

ውድድር በተደረገበት ቦታ ሁሉ ተመልካች አይታጣም። ፈረስ ሲጋለብ፣ ገና ሲመታ፣ ጎረምሶች ትግል ሲያያዙ ሰው ሥራውን ትቶ የሚቆመው አሸናፊውን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ዘፈን ግን ለብዙ ዘመን የሚደመጥ እንጂ ማርክ የሚሰጥበት ነገር አልነበረም። በሠርግ ቤት ያዜመ ሰው ደስ ካሰኘ ይሸለማል፤ ደስ ካላሰኘም የሚሸልመው ያጣል እንጂ፣ በአደባባይ አቁሞ «አንተ አልፈሃል፤ አንተ ወድቀሃል» የሚለው ሰው አልነበረም። ዛሬ ይኸው ነገር በቴሌቪዥን መስኮት እየታየ ከከተማ እስከ ገጠር ቀበሌ የወጣቱን ልብ ስለ ያዘ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን አብረን ብንመረምር መልካም ይመስለናል።

የነገሩ መነሻ ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር «ፖፕ አይድል» የተባለው ዝግጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ተጀመረ። በሚከተለው ዓመት አሜሪካኖች «አሜሪካን አይድል» ብለው የራሳቸውን ሠሩ፤ ከዚያም ወዲህ በየአገሩ ተባዛ። በእኛም አገር በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮጵያን አይድል» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት የሳክስፎን ተጫዋቹና የሙዚቃ መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ፣ ሳያለባብሱ በሚሰጡት ፍርድ ዝናቸው ከብዙ ተወዳዳሪዎች ዝና በልጦ እንደ ነበር የዚያን ጊዜ ተመልካች ያስታውሳል። ቀጥሎ የግጥምና የዜማ ደራሲው አብርሃም ወልዴ ያዘጋጀው «ባላገሩ አይድል» መጣ። ከዚያ በኋላም «ፋና ላምሮት» በፋና ቴሌቪዥን ከባንድ ጋር በቀጥታ በማዘፈን ምዕራፍ በምዕራፍ ሲቀርብ ቆይቷል።

ሕዝቡ እነዚህን ዝግጅቶች የወደደበትን ምክንያት አቃልለን አናልፈውም። የቀድሞዎቹ ታላላቅ ድምፃውያን እንዴት ወደ መድረክ እንደ ወጡ እናስታውስ። ጥላሁን ገሠሠ የወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን ለትርዒት ወደዚያው ከተማ ባይመጡ ኖሮ፣ እሱም ደፍሮ ባያነጋግራቸውና በኋላም ትምህርቱን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ባይነሣ ኖሮ፣ ያ ድምፅ የት በቀረ ነበር? ማሕሙድ አሕመድ ጫማ ሲጠርግ ያደገ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወቱበት በነበረው አሪዞና የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ሌሊት ዘፋኞቹ ስለ ቀሩ «እኔ ልዝፈን» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትና ሰው አደረገው። ዘፋኞቹ ያን ሌሊት በሰዓታቸው ቢመጡስ ኖሮ? እንግዲህ የቀድሞው በር በአጋጣሚ የሚከፈት በር ነበር። ዘመድ የሌለው፣ አዲስ አበባ የማይኖር፣ ክበብ ደጃፍ ቆሞ የማያመሽ ሰው አያገኘውም ነበር። ውድድሩ ግን ቀኑንና ቦታውን በይፋ አስታውቆ «የቻለ ይምጣ» ይላል። ፍርዱም የሚሰጠው አገር እያየ ስለሆነ በጓዳ ከሚደረግ ምርጫ ይልቅ ሰው ያምነዋል።

ሌላም ነገር አለ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ በቆየበት አገር፣ አባትና እናት የልጃቸውን ተራ ቁጥር በወረቀት ጽፈው በአዳራሽ ሲቀመጡና ልጃቸው ሲያልፍ እንባቸውን ሲያብሱ መታየታቸው ትንሽ ለውጥ አይደለም። ዳኞቹ ስለ ቅኝት፣ ስለ ምት፣ ስለ ትንፋሽ አያያዝ ሲናገሩ ትዝታንና ባቲን ለይቶ የማያውቅ ተመልካች ቀስ በቀስ ጆሮው ይለምዳል። ይህንን ትምህርት ስንቱ ትምህርት ቤት ሰጥቷል?

አሁን ከስቱዲዮው ወጥተን ወደ ሾኔ እንሂድ። ሾኔ ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በአስተዳደር የሐዲያ ዞን የሆነች፣ ነገር ግን ከቀረው የሐዲያ ምድር በከምባታና በሐላባ ተለይታ የምትኖር የባደዋቾ ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆናለች። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናት በልዩ ምክንያት ሳይሆን፣ እንደ እሷ ያሉ ከተሞች ብዙዎች በመሆናቸው ነው፤ መንገድ አላቸው፣ ገበያ አላቸው፣ ቴሌቪዥን የሚታይበት ሻይ ቤት አላቸው፤ አንድ ወጣት ቆሞ የሚዘፍንበት የታወቀ መድረክ ግን በቀላሉ አያገኙም።

ድምፅ ግን አላጡም። በሐዲያና በከምባታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ብዙ እንደ መሆኑ፣ ልጆች ገና በለጋነታቸው በመዘምራን ቡድን ውስጥ ገብተው ድምፅን ከድምፅ ጋር ማስማማትን ይማራሉ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለቱን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መተንፈሱን፣ ኪቦርዱንና ጊታሩን ሳይቀር የሚያለማምዱ የአገሩ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እነዚህ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በዚያው ቤት መዝሙርና ዘፈን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዘፈንን ለአማኝ የማይገባ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። ስለዚህ የሾኔ ልጅ ወደ ውድድሩ ለመሄድ ሲነሣ የሚያስጨንቀው የመሳፈሪያ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ያሳደገውን ማኅበር ቅር አሰኝቶ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ይህ የግል ኅሊና ጉዳይ ስለሆነ እኛ ፍርድ አንሰጥበትም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ተቀምጦ «ከዚያ ወገን ተወዳዳሪ ለምን አይበዛም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ይህንን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚያ ደግሞ የቋንቋና የዜማ ጉዳይ ይመጣል። ተወዳዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው አስቀድሞ በታወቀ ዘፈን ነው፤ የጥላሁንን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የማሕሙድን፣ የአስተር አወቀን። ዳኛውም አድማጩም ዋናውን ዘፈን ስለሚያውቁ ማመዛዘኑ ይቀላል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ዜማ ያደገ ልጅ በራሱ ሳይሆን የሌላውን በመምሰል ይለካል። በመስከረም ወር ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብሩ ወጣቶች እየተቀባበሉ የሚያዜሙት ዜማ በአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሚዛን ብቻ ቢመዘን፣ የጎደለው ከዜማው ይሁን ከሚዛኑ በምን ይታወቃል? መምሰልን ብቻ የምትሸልም አገር የሚመስሉ ሰዎችን ታበዛለች። ሁለተኛ ጥላሁን አያስፈልገንም፤ አንዱ በቅቶናል።

ስለ ሕዝብ ድምፅ አሰጣጥም ጥቂት እንበል። በአጭር የስልክ መልእክት የሚሰጥ ድምፅ ተመልካቹን ዳኛ ስለሚያደርገው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መልእክቱ በገንዘብ የሚላክ ስለሆነ፣ ባለጸጋ ዘመድና ብዙ የአገር ልጅ ያለው ተወዳዳሪ ጥሩ ጉሮሮ ብቻ ካለው ይቀድማል። በአረቡ ዓለም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በተደረገው «ሱፐር ስታር» ውድድር፣ ሊባኖሳዊው ተወዳዳሪ በወደቀ ጊዜ ቤይሩት ውስጥ ደጋፊዎቹ ረብሻ አነሡ። በመጨረሻው ዙርም የዮርዳኖስና የሶርያ ሕዝብ የየአገሩን ልጅ ለማስመረጥ ሲሽቀዳደም ከረመ፤ ዮርዳኖሳዊቷም አሸነፈች። እዚያ የተፎካከሩት አገሮች ናቸው። ብሔረሰብ ከብሔረሰብ በቀላሉ በሚቀያየምበት በእኛ ዘመን፣ «ልጃችን ተበደለ» የሚለው ቃል ከዘፈን አዳራሽ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አዘጋጆቹ ሊያስቡበት ይገባል። ለሚያውቀው ዳኛ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥቶ ለሕዝቡ ጥቂቱን መተው የሚሻል ይመስለናል።

እጅግ የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ሲታይ አንዳንድ ጊዜ የሚመረጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ በጣም የቻሉትና በጣም ያልቻሉት። መካከለኛው አያስቅም፣ አያስደንቅም፤ ስለዚህ አይታይም። ያልቻለው ግን ለሳቅ ይቀርባል። በትልቅ ከተማ የተሳቀበት ሰው በማግስቱ በሕዝብ መካከል ይጠፋል። በትንሽ ከተማ ግን ባጃጅ ነጂው፣ ባለ ሱቁ፣ መምህሩ፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙ እስኪረሳ ዓመታት ይፈጃል። ተመልካቹ ለሁለት ደቂቃ ለሳቀው ሳቅ የሾኔ ልጅ የሚከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ያሸነፈስ? ብዙ ወጣት ዋንጫውን የመንገዱ መጨረሻ አድርጎ ያየዋል። ዳዊት ጽጌ የባላገሩ አይድል አሸናፊ ሆኖ ሳለ፣ «የኔ ዜማ» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው ከዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. ነው። ይህ ነገር ሊያስደንቀን አይገባም። በሰው ዘፈን ያሸነፈ ድምፃዊ በማግስቱ የራሱ ግጥም የለውም፣ የራሱ ዜማ የለውም፤ አቀናባሪ ይፈልጋል፣ ስቱዲዮ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ዳዊት መታገሡ በጅቶታል። በአንጻሩ ደግሞ አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ሃድሰን በ2004 (እንደ አውሮፓውያን) በአሜሪካን አይድል ሰባተኛ ሆና ተሰናበተች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በአንድ የሙዚቃ ፊልም በሠራችው ሥራ ኦስካር ተሸለመች። እሷን ያነሣት ከውድድሩ በፊት በቤተ ክርስቲያንና በመድረክ ያገኘችው ልምምድ፣ ከውድድሩም በኋላ የቆያት ሌላ መድረክ ነው። ወድቆ የተመለሰ የሾኔ ወጣት ወዴት ይመለሳል?

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ያለው። ውድድር የበሰለውን እህል ይለቅማል እንጂ አያርስም፣ አይዘራም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየወረዳውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። ሐዲያና ከምባታ በአንድ አውራጃ ሆነው በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበሩበት በዚያን ጊዜ፣ አንድ ወጣት ዘፈን ለመጀመር አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የተውጣጡ ከያንያን በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» በተባለው ጉዞ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረዋል። መድረኩ ቅርብ ነበር፤ ግጥሙ ግን የታዘዘ ነበር፤ ብዙው ሰው ዛሬ ኪነትን ሲያነሣ መፈክሩን ብቻ የሚያስታውሰው ለዚህ ነው። መፈክሩን መጣላችን ደግ አደረግን፤ አብረን መድረኩን መጣላችን ግን ምን አተረፈልን? ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደደው በዋነኛነት ስለ እንጀራ እንደ ሆነ እናውቃለን። ቢሆንም መልካም ነገር ሁሉ የሚገኘው ከከተማው ውጭ ብቻ ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ ቀሪ ዕድሜውን መንገድ ሲጠብቅ ይኖራል።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ! ይህን የምታነበው ምናልባት በአንድ ወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ይሆናል። ለዓመቱ ሪፖርት «ሁለት ተወዳዳሪዎች ወደ ቴሌቪዥን ተላኩ» ብለህ ለመጻፍ ትቸኩል ይሆናል። የምንለምንህ ሌላ ነው። ስብሰባ ብቻ የሚደረግበትን አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ ለወጣቶች ክፈት። ለንግግር የተገዛው ድምፅ ማጉያ ለዘፈንም ያገለግላል። ለያሆዴ የሚመጡ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን የጥንት ዜማ ከነትርጓሜው በስልክህም ቢሆን ቅዳ፤ ካለፉ በኋላ የሚገኝ ነገር አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ማስታወቂያ ከሚያነብብ በየሳምንቱ አንድ ልጅ ያዘፍን። ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ኪቦርድ የሚመቱትን የመዘምራን መምህራን «ኖታ ለልጆቻችን አስተምሩልን» ብትላቸው፣ መዝሙርና ዘፈን ሳይጋጩ ብዙ ሥራ ይሠራል። ለዚህ ሁሉ አዲስ በጀት የሚያስፈልገው እምብዛም ነው።

ተማሪም ብትሆን ወደ ውድድሩ አትሂድ አንልህም፤ ሂድ። ነገር ግን ከመሄድህ በፊት ሦስት የራስህን ዜማ፣ ቢቻል አንዱን በአፍ መፍቻ ቋንቋህ፣ አዘጋጅ። ዳኞቹ ስለ ትንፋሽህ የሚሉህን ጻፈው፤ ስለ መልክህና ስለ አለባበስህ የሚሉህን ተወው።

አዘጋጆቹንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ወደ ክልል ለማጣሪያ ሲወጡ የአካባቢውን ዜማ የሚያውቅ አንድ ሰው ከዳኞች ጋር ያስቀምጡ። የወደቀውንም ተወዳዳሪ በካሜራ ፊት ከማሳቅ ይልቅ፣ የጎደለውን በሁለትና በሦስት መስመር ጽፈው በእጁ ይስጡት። ያች ወረቀት ሾኔ ስትደርስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን መለማመድ እንዳለበት ትነግረዋለች።