ወደ ወንጪ ሐይቅ ስለሚደረግ የአንድ ቀን የእግር ጉዞና ስለ አሰናዳዱ

የክረምቱ ዝናም አባርቶ የመስቀል በዓል ሲያልፍ፣ በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኙ ብዙ የንግድ ቤቶችና ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ለአንድ ቀን ከከተማ አውጥተው አየር የማስለወጥ ልማድ አላቸው። ልማዱ መልካም ነው። ዓመቱን ሙሉ በጎፋ መጋዘን ውስጥ ከረጢት ሲቈጥር፣ በመካኒሳ ጋራዥ ሲደክም፣ በለቡና በጀሞ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ሲሸጥ የከረመ ሰው አንድ ቀን ተራራና ውኃ አይቶ ቢመለስ፣ አሠሪው ለዚህ ያወጣው ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ አይባልም። ይህንን የሚቃወም አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ልማዱ መልካምነት ሳይሆን ስለ አሰናዳዱ ነው። እኛ የንግድ ሰዎች ዕቃ ስናዝዝ ዋጋ እናጠያይቃለን፤ ውል እንጽፋለን፤ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን እንቈርጣለን፤ ሲደርስም ቈጥረን እንረከባለን። ዳሩ ግን አርባና አምሳ ሰው ይዘን ወደ ተራራ ስንወጣ፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ መጋዘኑ ውስጥ ቈልፈንበት እንሄዳለን። እኔ እንደማምነው የአንድ ቀን ሽርሽርም ራሱ ገበያ ነው፤ በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን የአገሬው ሰው የሚገናኙበት ገበያ። በገበያ ውስጥ ደግሞ አስቀድሞ ያልታሰበ ሂሳብ ከአንዱ ትከሻ ላይ መውደቁ አይቀርም፤ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ ከደካማው ትከሻ ላይ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የማደርገው የወንጪን ሐይቅ ነው። ወንጪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ ውኃው ከዚያ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የወንጪ ቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ገብስና ድንች ይዘራሉ፤ እንሰት ይተክላሉ፤ ንብ ያነባሉ። በሸለቆው ውስጥም የማዕድን ውኃ ከመሬት ይፈልቃል።

ለእኛ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች ይህ ስፍራ አንድ የተለየ ምቾት አለው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ወንጪ የሚያስበው በአምቦ በኩል ነው። የጅማ መንገድ ግን የሚጀምረው ከደጃችን ነው። ከጀሞ ተነሥቶ በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በተፍኪና በቱሉ ቦሎ አልፎ ወሊሶ ይደረሳል፤ እስከ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወሊሶ ወደ ሰሜን፣ በአምቦው መንገድ፣ አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጉዞ ይቀራል። ስለዚህ እኛ ከተማውን አቋርጠን ወደ ምዕራብ በር ለመውጣት የምናጠፋው ጊዜ ሳይኖር፣ የበቾን ሜዳ ጤፍና ሽምብራ እያየን መሄድ እንችላለን። የጉዞው መንገድ ሲመረጥ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ እኔ ራሴ ከአሰናጆቹ አንዱ የሆንሁበት ጉዞ ወደ ወንጪ ተደርጎ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን ተባለ፤ አውቶቡሱ ግን የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የባለ አውቶቡሱን ስም አላነሣም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበርና፤ የመነሻውን ሰዓት በቃል እንጂ በጽሑፍ አላሰርነውምና። በየመንገዱም ለቁርስና ለፎቶግራፍ ቆምን። ከተራራው አፋፍ ስንደርስ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ፀሐይ ገና ሳትበረታ በእርጋታ መውረድ የሚገባንን ቁልቁለት፣ እንደ ተባረረ መንጋ እየተንጋጋን ወረድነው።

ምግባችንን ሁሉ፣ እስከ መጠጥ ውኃችን ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ጭነን ሄደናል። በመንገዱ ዳር ሴቶች ቅቅል ድንች፣ የገብስ ቆሎና ማር ይዘው ከጧት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር፤ ከእኛ ውስጥ ቆም ብሎ የገዛቸው ከሦስት ሰው አይበልጥም። ባለ ፈረሶቹም ተራቸውን ጠብቀው ቆመዋል፤ እኛ ግን «ቁልቁለት ነው፤ ፈረስ ለምን ያስፈልጋል?» ብለን አለፍናቸው። መውረድ የማንንም እግር አያስቸግርም፤ የሚፈርደው መውጣቱ እንደ ሆነ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሽቅብ ስንመለስ፣ ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አረጋዊ የዕቃ ቤት ኀላፊ ከመንገዱ መካከል ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ። ከፍታው ከአዲስ አበባችን እጅግ የበለጠ ነውና አየሩ ስስ ነው፤ ጭጋጉም መውረድ ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ጧት ያለፍናቸው አንድ ባለ ፈረስ መጡና ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ «አባቴ፣ ይውጡ። ሂሳቡ ኋላ ይሆናል» ብለው ደግፈው አሳፈሯቸው። ለሁለት ሌሎች ሴት ሠራተኞችም የጓደኞቻቸውን ፈረሶች ጠሩ። ከአፋፉ ስንደርስ ግን ገንዘብ ያዡ ቦርሳውን ቢከፍት፣ የቀረው ለአውቶቡሱ የተቈጠረው ብቻ ሆኖ ተገኘ። በስልክ እንላክላችሁ ብንል ኔትዎርክ አልነበረም። ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ድምፅ ከሚያስተላልፈው ከንፋስ ስልክ ጣቢያ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ያ ሁሉ ዘመናዊ ስልካችን ለአንድ ፈረስ ኪራይ የሚበቃ ድምፅ አላወጣም።

ከመካከላችን አንዱ ሊያጽናናን ብሎ፣ «ተዉት፤ ዕዳው ገብስ ነው» አለ። እኛ ከተሜዎች ይህንን አባባል የምንናገረው ለቀላል ነገር ነው። ገብስ ዘርቶ ለሚኖር ሰው ግን ገብስ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ፈረሱ ቃሉን ሰምተው ፈገግ አሉ፤ መልስ አልሰጡም። ገንዘቡን ወደ ወሊሶ በሚመላለስ አንድ ሾፌር እጅ የላክነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከፋብሪካ ያመጣሁትን ዕቃ ዋጋ አንድም ቀን አላሳደርሁም፤ ያን ማድረግ ስሜን እንደሚያጠፋው አውቃለሁና። ከተራራው ላይ ያለው አበዳሪዬ ግን ስሜን ስለማያውቅ ጠበቀኝ። ልቤን የነካው ነገር ይህ ነው።

ከዚህ በመነሣት፣ ወደ ወንጪም ሆነ ወደ ሌላ የተራራ ሐይቅ የሚሄድ ማኅበር ሊያደርጋቸው ይገባል የምለውን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቈጠር። ከመጨለሙ በፊት ቤት ለመግባት ከአፋፉ ላይ ከ8 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መነሣት ያሻል። ለመውረድ፣ በጀልባ ለመሻገር፣ በሸለቆው ለመዞርና ሳይጣደፉ ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት የሚሆን ጊዜ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከቀኑ 3 ሰዓት ላይ ከስፍራው መድረስ፣ ከጀሞም 12 ሰዓት ላይ መነሣት ግድ ነው። ይህ ሰዓት ከባለ አውቶቡሱ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ይጻፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የሚያስቸኵለን ዘግይቶ መነሣታችን ነው።

ሁለተኛ፣ ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት የመንገዱ ደኅንነት እንዴት እንዳለ፣ በመስመሩ ከሚመላለሱ ሾፌሮችና ከአካባቢው አስተዳደር ይጠየቅ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ እንደ ኪሳራ አይቈጠር። በክረምት ወራትም ቁልቁለቱ ጭቃና አንሸራታች ስለሚሆን ቀኑ ከጥቅምት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ መንገድ መሪው፣ ፈረሱና ጀልባው አስቀድመው ይታዘዙ። በወንጪ የአገሬው ሰዎች እነዚህን አገልግሎቶች በማኅበርና በተራ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ለእያንዳንዱ ዐሥር ሰው ቢያንስ ሁለት ፈረስ ለመልሱ ጉዞ ይያዝ፤ በዕድሜ የገፉትና ሕመም ያለባቸው ሲወጡ በእግር ይሞክሩ አይባሉ። ዋጋው በግልጽ ይጠየቅ፤ ከፊሉ ቀብድ ይከፈል፤ ቀሪው በዝርዝር ብር ተይዞ ይኬድ። ጀልባ ላይም ከመሳፈር በፊት የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩ ይታይ፤ ከሌለ በዳርቻው መዞር ይበቃል። ወደ ደሴቲቱ የሚሻገርም የሚገባው ከገዳም መሆኑን አይርሳ፤ ልብሱንም ድምፁንም እንደ ሥርዐቱ ያድርግ።

አራተኛ፣ ምሳው ሁሉ ከከተማ አይጫን። አስቀድሞ ከተነገራቸው የአገሬው ሴቶች ድንቹን፣ ቆጮውን፣ ማሩን በንጽሕና አዘጋጅተው ሊያቀርቡ ይችላሉ። እኔ የማቀርበው ዐሳብ፣ ለጉዞው ከተመደበው ገንዘብ ቢያንስ አራተኛው እጅ እዚያው በወንጪ እንዲቀር ነው። የውኃ ፕላስቲካችንን ግን አንድ ሳይቀር ይዘን እንመለስ፤ እዚያ ትተነው ልንሄድ የማይገባን ነገር እርሱ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህንን ስነግራቸው ሁለት ተቃውሞ አቅርበዋል። የመጀመሪያው፣ «የአሠሪው ግዴታ ሠራተኛውን ማስደሰት ነው እንጂ ገበሬ መርዳት አይደለም» የሚል ነው። እኔም ምጽዋት ይሰጥ አላልሁም። የተጠቀምንበት ነገር ዋጋ በጊዜው ይከፈል ነው ያልሁት። የምንሄድበትን የእግር መንገድ በየዓመቱ የሚጠግነው፣ ዛፉን የሚጠብቀው የአገሬው ሰው ነው። ከጎብኚ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ማሳውን እስከ ውኃው ዳር ቢያርስ ማን ይፈርድበታል? ያን ጊዜ አፈሩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እኛም የምናየው ውበት ይጠፋል። ዕቃ አቅራቢውን ያከሰረ ነጋዴ በሚመጣው ዓመት የሚሸጠው ዕቃ አያገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ባለ ፈረሶቹ ዋጋ ይቈልላሉ፤ ከጎብኚ ጋር ይጨቃጨቃሉ» የሚል ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት መሆኑን አልክድም። መድኀኒቱ ግን እነርሱን መሸሽ ሳይሆን ዋጋውን አስቀድሞ መቍረጥ ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በደባርቅ፣ ጎብኚው መንገድ መሪና በቅሎ የሚይዘው ወደ ተራራው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጭቅጭቁም እዚያው ያልቃል። በታንዛንያም በኪሊማንጃሮ ተራራ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ተወስኖ ሸክሙ ከበሩ ላይ ይመዘናል። አስቀድሞ የተመዘነና የተቈረጠ ነገር ወዳጅነትን አያበላሽም።

ይህ ነገር ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. በይፋ የተነገረው «ገበታ ለሀገር» ለልማት ከመረጣቸው ከጎርጎራ፣ ከኮይሻና ከወንጪ አንዱ ይኸው ስፍራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች 44 መንደሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ «ምርጥ የቱሪዝም መንደር» ብሎ ሲሰይም ወንጪ አንዷ ሆናለች። ስሟ ከፍ ካለ እንግዳውም ይበዛል። እንግዳው ሁሉ ግን እንደ እኛ እንደ ያን ጊዜዎቹ ስንቁን ጭኖ መጥቶ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ሽቅብ በዱቤ ወጥቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ለመንደሯ ስሟ ብቻ ይቀራታል።

ስለዚህ በክፍለ ከተማችን የምንገኝ የምክር ቤቱ አባሎች፣ ለመጪው የጥቅምትና የኅዳር ጉዞ ከአሁኑ ብንመካከር መልካም ነው። ሁላችንም በአንድ ሳምንት ተሰብስበን ከአንድ ስፍራ እንዳንገናኝ ቀኖቻችንን እንከፋፈል፤ የአውቶቡስ ውል ናሙና አዘጋጅተን እንቀባበል፤ ከባለ ፈረሶቹና ከባለ ጀልባዎቹ ማኅበር ጋር በአንድነት ዋጋ እንነጋገር። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ጉባኤና አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል።

እነዚያ አረጋዊ የዕቃ ቤት ኀላፊ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ባገኘኋቸው ቍጥር ስለ ሐይቁ ውበት አንሥተው አያውቁም፤ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «የዚያን ሰው ሂሳብ በርግጥ አድርሳችኋል?» ይሉኛል። አድርሰናል። ነገር ግን በሚመጣው ጉዞ ይህ ጥያቄ ከቶ እንዳይጠየቅ አድርጎ መሰናዳት ለንግድ ሰው የሚገባ ክብር ነው።